የክላይቭ ቀኝ እጅ

ዊትስተብል፣ ኬንት
ማርች 4 ቀን 1972

ለውድ አጎቴ ለሌናርድ፣

ይህች ወረቀት ባሕሩን ሁሉ ተሻግራ በደህና እጅዎ ትግባ። ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ኒውዚላንድ ከገቡ ወዲህ ፀሐይ ጠግበዋል ብዬ አስባለሁ፤ እኛ ዘንድ የባሕሩ ንፋስ አሁንም በመስኮት ስንጥቅ እየገባ ሻያችንን ያቀዘቅዛል። እኔም እማማም ደህና ነን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። እማማ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደነበረ ነው።

የምሥራች ይዤልዎት መጥቻለሁ። የክላይቭ ባንድ ሸክላ አወጣ! «ሎንግሾር» ይባላሉ። ሮድኒ ስታይልስ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል። የሥጋ ሻጩ የቶምሰት ልጅ ዴሪክ ድራም ይመታል። ፒፕ የሚሉት አንድ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይዟል። ወንድሜ ክላይቭ ኦርጋኑና ፒያኖው ላይ ነው፤ ዜማውንም አብዛኛውን የሚደርሰው እሱ ነው። የሚለማመዱት ወደቡ አጠገብ ባለው የመረብ ማከማቻ ስለሆነ ልብሱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

የሸክላው አንዱ ገጽ ሙሉውን አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ መሐል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለም። እማማ እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችው።

ክላይቭ እስኪያስለው ሳቀ። «አለቀ እኮ እማማ!»

አንዱን ሸክላ በመርከብ ልኬልዎታለሁ። በቤተ ጸሎታችን ኦርጋን ላይ ጣቱን እየያዙ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ከጋዜጠኞቹ ሁሉ ይልቅ የእርስዎን ቃል ይጠብቃል። ይጻፉልኝ ብሎ ግን አይለምንም፤ ያውቁታል። ስለዚህ የምለምነው እኔ ነኝ።

አባባ ቢኖር ኖሮ ስለ ልጁ እያወራ ስንት ሰው ባሰለቸ ነበር!

የወንድምዎ ልጅ ቬሪቲ


ቲማሩ፣ ኒውዚላንድ
ጁላይ 19 ቀን 1972

ለልጄ ለቬሪቲ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ቤታችሁን ከበሽታና ከክፉ ወሬ ይሰውርላችሁ። እኔ በዕድሜዬ ልክ ደህና ነኝ። ልጄ ከበጎቹ ጋር ውሎ ይመጣል፣ እኔ ከውሻው ጋር እውላለሁ፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚያጫውተኝ ውሻው ነው።

ሸክላው ደረሰ። ማጫወቻ ስለሌለኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ማክሬ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እንደጀመረ ድመቷ በመስኮት ወጣች። የቶምሰት ልጅ እንደ አባቱ ነው፤ አጥንት የሚሰብር ነው የሚመስለው። ሮድኒ ስለ ምን እንደሚዘፍን አልገባኝም፤ እሱም የገባው አይመስለኝም።

ከመካከሉ ግን ሁሉም ዝም ብለው ኦርጋኑ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። ወይዘሮ ማክሬ ሹራብ እየሠራች ነበር፤ መርፌዎቿን አስቀመጠች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ፊቴን እንድታይ አልፈለግሁም። ቀኝ እጁ ሲወርድ ውሃ ከድንጋይ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ማንም አያስተምረውም።

ይህንኑ እንዳለ ንገሪው። ስለ ድመቷ አትንገሪው። የሚጫወቱበትን ቦታ ሁሉ እየጻፍሽ ላኪልኝ፤ ካርታ ላይ እየፈለግሁ እደሰታለሁ።

አጎትሽ ሌናርድ


ዊትስተብል
ጃንዋሪ 6 ቀን 1974

ለውድ አጎቴ፣

አዲሱ ዓመት የጤና፣ የዕረፍትና የበጎ ወሬ ይሁንልዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እኔ የምሠራበት የብረታ ብረት ሱቅ በዚህ ዓመት ፋታ አልሰጠኝም።

ካርታዎን ይዘርጉ! ሎንግሾር በጀርመን ከተሞች ዞረዋል። ጣሊያኖች አብደውላቸዋል፤ ሮም ላይ ሕዝቡ መኪናቸውን ከብቦ አላሳልፍ አላቸው አሉ። ሁለተኛው ሸክላ በየሱቁ መስኮት ተደርድሯል። ለንደን ላይ ሲጫወቱ እኔና እማማ ፊት ተቀመጥን። ሮድኒ መሬት የሚጠርግ ካባ ለብሶ ወጣ፤ እማማ፣ «የማንን መጋረጃ አወረደ?» አለችኝ ጮክ ብላ። ክላይቭ በኦርጋንና በፒያኖ ተከብቦ ጸጉሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ሲጨርሱ ሕዝቡ ቆሞ አልቀመጥም አለ። ወንድሜ ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበለት ቀኝ እጁን ብብቱ ሥር ደብቆ ቆመ። ብርድ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ለገና ቤት መጣ። እማማ እንደ ልማዷ መዝሙር አምጣልን አለችው። በግራ እጁ ብቻ ተጫወተላት። «ቀኙ ምን ሆነ?» ስትለው፣ «ለእናንተ ግራው ይበቃል» ብሎ አሳቃት። ሳህን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ጣቶቹ እንደ ድሮው እንደማይታዘዙት ነገረኝ። ደክሞኝ ነው አለ። ለእማማ እንዳልነግራት አስማለኝ። ስለ እርስዎ ግን አላስማለኝም።

ምን ይመስልዎታል አጎቴ?

ቬሪቲ


ቲማሩ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1974

ለልጄ ለቬሪቲ፣

ፈጣሪ በጥበቃው አይለያችሁ። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፣ ዛሬውኑ መለስኩ።

አትሥጊ። ይህን በብዙ ተማሪ አይቻለሁ። በየከተማው ሲሮጥ መሠረቱን ረስቶታል። ጣት እንደ ፈረስ ነው፤ በሜዳ ብቻ ካስጋለቡት እርምጃ ይጠፋዋል። ጠዋት ጠዋት ቤተ ጸሎት ይሂድና ሕፃን ሳለ ያስያዝኩትን የጣት ማፍታቻ ከመጀመሪያው ይጀምር፤ ቀስ ብሎ፣ ጠንከር አድርጎ፣ ሳይሰለች። ሲደክመው ይጨምርበት። ፋሲካ ሳይደርስ እጁ ይመለሳል።

አጎትህ እንዲህ አለ በይው። የእኔን ቃል እንቢ አይልም።

ሌናርድ


ዊትስተብል
ኦክቶበር 27 ቀን 1974

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። በየወሩ የጻፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ ደርሶኛል። ብዕር አንስቼ የምጽፈው በጎ ነገር እስካገኝ እየጠበቅሁ ነበር። አላገኘሁም።

ክላይቭ ቃልዎን አክብሮ ክረምቱንና ጸደዩን፣ ቤት በነበረበት ቀን ሁሉ ተለማመደ። ወደ ሱቁ ሳልፍ ከቤተ ጸሎቱ ይሰማኛል፤ ያው ማፍታቻ፣ ደግሞ ያው ማፍታቻ። ባሰበት። አሁን ትንሿ ጣቱና አጠገቧ ያለችው የፒያኖውን ቁልፍ ገና ሲነኩ ወደ መዳፉ ይታጠፋሉ። አያምመውም። ድንች ይልጣል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል፣ በእማማ መርፌ ክር ያስገባል። ፒያኖ ሲነካ ብቻ ነው።

የካንተርበሪው ሐኪም ጋ አብሬው ገባሁ።

«ጨብጥ» አለው። ጨበጠ። «ዘርጋ» አለው። ዘረጋ።

«ታዲያ ምንህን ነው ያመመህ?»

«ፒያኖ ስጫወት ነው ዶክተር።»

«እንግዲያው አትጫወት!» ብሎ ሳቀ። የወንድሜን ፊት ሲያይ ሳቁን አቆመ።

ለንደን ያለው ታላቁ ሐኪም ደግሞ አጥንቱን አየ፣ ደም ሥሩን አየ፣ ሁሉ ጤነኛ ነው አለ። «ነገሩ ከሐሳብ ነው» ብሎ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከው። ያም እናቱን ይወድ እንደሆነ ጠየቀው። ክላይቭ፣ «ስትተኛ እወዳታለሁ» አልኩት አለኝ። ቀልዱ አሁንም አለ። ባቡር ውስጥ ግን እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እያየ፣ «ሰው ሰብሮት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ይኸው ብዬ አሳይ ነበር» አለኝ።

ባንዱ አያውቅም። የቀኙን ሥራ ለግራ እጁ እያሻገረ ዜማውን አዲስ አደረግሁት ይላቸዋል። ሮድኒም፣ «ክላይቭ አሁን ወደ ጥልቁ ገባ» እያለ ለጋዜጣ ያወራል።

አጎቴ፣ እባክዎ ከእንግዲህ ልምምድ አይምከሩት። በክፋት አላልኩም። እርስዎ ካሉት ስለማይተው ነው።

ቬሪቲ


ቲማሩ
ዲሴምበር 1 ቀን 1974

ለልጄ ለቬሪቲ፣

የሚያጽናናው እሱ ያጽናችሁ።

ከዚህ ከተማ ሐኪም ጋር ተነጋገርኩ። እንዲህ ያለ ሕመም አልሰማሁም አለ። በግ የሚያክመውንም ጠየቅሁት፤ እሱ ቢያንስ አዘነልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጣት ሳስተምር ኖሬ ይህን አላውቀውም። ልምምዱን ይተው፤ እኔ አልኩ በይው፣ ዛሬውኑ ይተው።

እዚህ ይምጣ። አየሩ ጥሩ ነው፣ የሚያውቀው የለም፣ ፒያኖም ቤቴ ውስጥ የለም። ካልመጣም ምን እያደረገ እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ። መልካም መልካሙን አትምረጪልኝ።

ሌናርድ


ዊትስተብል
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1975

ለውድ አጎቴ፣

ባሉበት ጸጋ ይብዛልዎ። እንዳዘዙኝ አልመርጥም፤ የሆነውን እንዳለ እነግርዎታለሁ።

በጁን ካንተርበሪ ላይ ተጫወቱ። የሀገር ልጆች ስለሆኑ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ያንን የድሮውን ረጅሙን ዜማ አምጡ ብሎ ጮኸ። ሊጫወቱት አላሰቡም ነበር፤ ሮድኒ ግን ሕዝቡ ሲጠራው መቼ እንቢ ያውቃል? ጀመሩት። ኦርጋኑ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ደረሰ። ክላይቭ በቀኝ እጁ ገባ፤ ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ጣቶቹ ታጠፉ። በጉልበት ሊዘረጋቸው በግራ እጁ ያዛቸው። አልሆነም። በጨበጠው እጅ ቁልፎቹን ደበደባቸው። ከኦርጋኑ የወጣው ድምፅ የሚያስፈራ ነበር። ሮድኒ ዞሮ አየው። ዴሪክ ነገሩን ሊሸፍንለት ድራሙን እንደ እብድ ይቀጠቅጥ ጀመር። አጎቴ፣ ሕዝቡ የዜማው ክፍል መስሎት ተነሥቶ አጨበጨበ! እንደዚያ ሲጨበጨብለት አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ሮድኒና ዴሪክ ቤት መጡ። እማማ ሻይ ቀዳች። ዴሪክ ስኳሩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየ።

«መጠጥ እየጠጣህ ነው?» አለው ሮድኒ ክላይቭን።

«ምነው በጠጣሁ» አለ ክላይቭ። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። እማማም የሰማችው ያኔ ነው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ለምን አልነገርከንም? ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረን አልኖርንም?» አለ ዴሪክ።

«ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

ሮድኒ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «አሜሪካ ሊወስዱን ነው። ተፈርሟል። ከሊድስ አንዲት ልጅ አለች፤ ሸክላዎቻችንን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትጫወታቸዋለች አሉ» አለ።

«ሰምተሃታል?» አለ ክላይቭ።

«ሰምቻታለሁ።»

«እንግዲያው ነገሩ አልቋል። ሻይህ ቀዘቀዘ፤ ጠጣ።»

እማማ፣ «ከቤቴ ውጡ» አለቻቸው። ክላይቭ ግን አስቀመጣቸው።

የሚከተለውን ብተወው እወድ ነበር። ልጅቷ መጣች፤ ጁዲት ሃርከር ትባላለች፤ ከወገቧ ቀጥ ያለች፣ ቃል የማታበዛ ልጅ ናት። በወረቀት ያልተጻፈውን ዜማ የሚያውቀው ክላይቭ ብቻ ስለሆነ እሱ ራሱ አስተማራት። መረብ ማከማቻው ውስጥ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በቀኙ ማሳየት ስለማይችል በአፉ ይዘፍንላታል፣ እሷ ትጫወታለች። «እዚህ ጋ አትቸኩዪ። ይተንፍስ። አዎ፣ እንደሱ።» ምሳ ይዤላቸው ስገባ ያንን የኦርጋኑን ቦታ ስትጫወት ደረስኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማታል። ስትጨርስ ጁዲት እጇን ከቁልፉ አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ደበቀችው፤ አፍራ ነው። «አትደብቂው፤ ጥሩ እጅ ነው» አላት።

ባንዱ ከእሷ ጋር አሜሪካ ሄዷል። ክላይቭ ወደ እርስዎ መምጣቱን አልፈለገም፤ «የምሸሸው ይዤው የምሄደውን ነው» አለ።

ቬሪቲ


ቲማሩ
ኖቬምበር 28 ቀን 1976

ለልጄ ለቬሪቲ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ብዙ ጊዜ ዝም ያልኩት ጀምሬ ጀምሬ እየቀደድኩት ነው። አሁን ግን ልነግርሽ የሚገባ ነገር ሆነ።

ሎንግሾር ወደዚህ አገር፣ ክራይስትቸርች ከተማ መጡ። ጋዜጣ ላይ አየሁና አልሄድም አልኩ። ወይዘሮ ማክሬ፣ «ባትሄድ የምትጎዳው ማንን ነው?» አለችኝና በመኪናዋ ወሰደችኝ። ከልጆቹ መሐል የሽማግሌ ባርኔጣ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንዱ ጸጉራም፣ «አባባ፣ ተሳስተው ነው የገቡት?» አለኝ። «የወንድሜን ልጅ ሙዚቃ ልሰማ ነው» አልኩት። «የትኛው ነው እሱ?» አለ። ጣቴን ወዴት ልቀስር? «እዚህ የለም» አልኩት።

ያንን ዜማ ተጫወቱት። ቬሪቲ፣ አንድም ነገር አልተጓደለም። ጁዲት ልትበልጠውም አልሞከረችም፣ አላሳነሰችውም፤ እንዳለ አስቀመጠችው። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። መጥፎ ቢሆን ብዬ ጸልዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሲያልቅ በኋላው በር ጠብቄ አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት፣ «እጁ እንዴት ነው?» አለችኝ። «እንደነበረ ነው» አልኳት። «በየከተማው ዜማውን የደረሰውን ሰው ስም ጥሩ እላቸዋለሁ፤ ሮድኒ ረስቶ ያልፈዋል» አለች። ምን ላድርግላት? ምን ታድርግልኝ? እጄን ጨበጠችኝና ወደ መኪናው ገባች።

አሁን ለክላይቭ ምን ብዬ ልጻፍ? ተበላሸ ብለው ውሸት ነው፤ ያውቅብኛል። አማረ ብለው እውነቱ ይገድለዋል። ይህን ደብዳቤ ስጪው ወይም አትስጪው፤ እኔ መፍረድ አቃተኝ።

ሌናርድ


ዊትስተብል
ሜይ 21 ቀን 1978

ለውድ አጎቴ፣

ዓይንዎ እንደደከመ ልጅዎ ስለጻፈልኝ ፊደሌን አተልቄያለሁ። ብርሃንዎን አያጥፋብዎ።

ያን ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ ደብቄው ነበር። ባለፈው ክረምት ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። «ሦስተኛው ክፍል ላይ ፈጥናለች ወይ? አጎቴ አልጻፈም» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «እዚያ ጋ መቸኮል ትወድ ነበር» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተውና የእማማን የድንጋይ ከሰል ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ሎንግሾር ፈርሷል። ረጅም ዜማ የሚሰማ ጠፋ። አሁን ልጆቹ ጸጉራቸውን ቆርጠው፣ ልብሳቸውን በመርፌ ቁልፍ ሰክተው፣ ሳይጀምር የሚያልቅ ዘፈን ይጮኻሉ። እማማ፣ «ይሄኛውስ ቢያንስ ያልቃል» አለች፤ ክላይቭን ልታስቀው ነው። ሸክላ አሳታሚዎቹ አጭር አጭር አምጡ ብለው ሮድኒን አስጨነቁት፤ ሞከረ፣ ማንም አልገዛውም። አሁን ዶቨር ላይ የቤት ዕቃ ይሸጣል። ዴሪክ የአባቱ ሱቅ ገብቷል፤ ሥጋ ሲቆርጥልኝ ዓይኔን አያይም። ጁዲት ሊድስ ተመልሳ ልጆች ታስተምራለች። ያ ሁሉ በወንድሜ ላይ የደረሰው ነገር ምን ለማዳን ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ክላይቭ ግን እንዲህ አይልም፤ የፈረሰ ዕለት ዴሪክን አቅፎ ሲያለቅስ ያየሁት እሱን ነው።

ሥራ አግኝቷል። ፒያኖ ይቃኛል። አንድ ቁልፍ ብቻውን ሲመታ እጁ አይታጠፍም፤ ሁለት ሦስቱን ካስከተለ ነው የሚከዳው። በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ቤቶች ሁሉ ይጠሩታል። ሱቁ በማይከፈትበት ቀን አብሬው እየሄድኩ ዕቃውን እይዝለታለሁ።

ትላንት ሄርን ቤይ አንድ ቤት ገባን። ጨርሶ ባለቤትየዋን ጠራት። ልጆቿን ሰብስባ መጣችና፣ «በሉ እስቲ አንድ ነገር ይጫወቱልን፣ እንስማው» አለችው። በየቤቱ እንዲህ ይሉታል አጎቴ፤ አንድም ቤት አይቀር።

«እኔ የምቃኝ ብቻ ነኝ እመቤቴ።»

«እንዴ! የሚቃኝ ሰው መጫወት አይችልም?»

«አይችልም» አላት ፈገግ ብሎ።

እኔ መፍቻዎቹን ከረጢት ውስጥ እከት ነበር፤ ቀና አላልኩም። ትንሿ ልጅ ወንበሩ ላይ ወጥታ የምታውቀውን እየተደናቀፈች መጫወት ጀመረች። ክላይቭ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ እስክትጨርስ ቆሞ ሰማት፤ አጨበጨበላትም።

መንገድ ላይ፣ «ሰማሽ? ፒያኖው ጥርት ብሏል» አለኝ።

«ሰማሁ» አልኩት።

ሌላ ምን እለዋለሁ አጎቴ? ምን ይባላል?

የምትወድዎት ልጅዎ ቬሪቲ